በነጩ ቁጥቋጦ መሃል

ፍኖተ ሰላም፣ የኅዳር መባቻ

ከእናታችን ቀጥላ ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣

እትየ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ክረምቱ ሲወጣ ለቀቀሽ ወይስ እንደዚያው ነው? በቆሎው እንዴት ሆነላችሁ? መራዊ በኩል ዝናቡ እሸቱን ሳያበላሽ ወጣ ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ላሟስ ወለደች? እኔን ብትዪኝ እመብርሃን ጠብቃኝ አለሁ። እበላለሁ፣ ሱቄን እከፍታለሁ፣ ሳይመሽ እዘጋለሁ። እንቅልፍ ብቻ ከሸሸኝ ሰንብቷል።

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን ሳልሰማ ይኸው ስንት ጊዜ ሆነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ አይናለም ናት፤ ከዚህ ነጭ ሽንኩርት እየጫነች መራዊ ገበያ የምትወጣዋ፣ የጎረቤታችን ልጅ። እሷን አምናታለሁ። ምን እንደጻፍኩ ግን አልነገርኳትም፤ ባታውቅ ይሻላታል። አንቺም ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ድምፅሽን አውጥተሽ አታንብቢ። ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

የልጅሽን የመልካሙን የሙት ዓመት ተዝካር ልትደግሺ ጌሾ እያስወቀጥሽ እንደሆነ የነገረችኝ እሷው ናት። ይህን ስሰማ ነው ብዕር ያነሳሁት። እትየ፣ ይህን ወረቀት እስክትጨርሺ ድረስ ሌላ ነገር አትጀምሪ። ለምን እንደምልሽ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ።

ሱቁ ዘንድሮ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። ምርቃት የለም፤ ሰርግም እንደ ድሮው አይደለም። የሚመጣው ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ሲሄድ መታወቂያ እንዳያጣ ፈርቶ እንጂ ወዶ አይነሳም። ሰኔ ላይ መንገዱ ከፈት ባለ ጊዜ ግን አዲስ አበባ ያለች ሜላት የምትባል የፎቶ ዐውደ ርዕይ የምታዘጋጅ ሴት ካርቶን ላከችልኝ። የአባባን ጨለማ ክፍል እስከ ዛሬ እንዳላፈረስኩት፣ ፊልም በእጄ እንደማጥብ ሰምታ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የጥቁርና ነጭ ፊልም ጥቅሎችና ጥቁር የሚመስል ቀይ መስታወት ነበሩ። የገጠሩን ዛፍና ገደል በዚህ አንሳልኝ ብላ ጽፋልኛለች።

አባባ ጨለማ ክፍል ሲገባ አንቺ ደጁ ላይ ተቀምጠሽ ማንም በሩን እንዳይከፍት ስትጠብቂ ትዝ ይልሻል አይደል? ያኔ ከምናውቀው ፊልም ይሄኛው ይለያል። መስታወቱ ሌንሱ ፊት ይጠመዳል። ዓይንሽ ላይ ብታደርጊው ከፀሐይ በቀር ምንም አታይበትም። የሚያሳልፈው ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ነው። ሕይወት ያለው ቅጠል ያን ብርሃን መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ፎቶው ሲታተም ዛፉና ሣሩ አመዳይ እንደወረደበት ነጭ ይሆናል። ጥርት ያለው ሰማይ ይጠቁራል፤ ወንዙም ይጠቁራል። ካሜራውን መጀመሪያ በሦስት እግሩ አቁሜ አስተካክላለሁ፣ ከዚያ መስታወቱን አጠብቃለሁ፣ ከዚያ ትንፋሼን ይዤ መዝጊያውን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

የመጀመሪያውን ጥቅል እዚሁ ላህ ወንዝ ዳርና ገበያው ላይ ጨረስኩት። ደም የመሰለው የቡሬ በርበሬ ጆንያ ላይ ተሰጥቶ አንስቼው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ ግን አልቆየም። ጎረቤታችን ንግሥቴ ለልጅ ልጇ ክርስትና ዳስ ጥላ ነበርና ሕፃኑን ታቅፋ ዳሱ ሥር አቁሜ አነሳኋት። ፎቶውን ስሰጣት አማተበች። ፊቷ ሰም መስሏል፤ ዓይኖቿ የተቆፈሩ ይመስላሉ። «የምሞት ዕለት የምመስለውን ነው ያሳየኸኝ» ብላ መልሳልኝ ሄደች። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ከኋላዋ የቆመው ብሳና ጥጥ መስሎ ሲነጣ ዳሱ የተከደነበት ቅጠል ጥላሸት መስሎ ጠቁሯል። በዓይን ሲታይ ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ። የዳሱ ቅጠል ከተቆረጠ ሰንበት ብሎ ስለነበር ነው። ቅጠል መሞት ሲጀምር ከእኛ ዓይን በፊት ፊልሙ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ያኔ እንደ ጨዋታ ነበር ያየሁት።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ቡሬ ሄድኩ። ለሜላት የሚሆን ገደላ ገደል ያለበት አገር ፈልጌ ነው። ደግሞም የአማትሽን፣ የእማሆይ ወለተ ሐናን ለቅሶ አልደረስኩም ነበር። የልጃቸው ልጅ ሞቶ ዓመት ሊሞላው እኔ ፊታቸውን አላየሁም። ከቡሬ በባጃጅ የሚኬደውን ያህል ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ።

ደጃቸው ስደርስ በርበሬ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። እንደ ወጉ ድምፄን ከፍ አድርጌ «መልካሙዋ» ልል ስል ከተቀመጡበት ተነስተው እጄን ጨብጠው ያዙኝ። «ተው ልጄ፤ በዚህ ግቢ አይለቀስም» አሉኝ።

እትየ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ተቀየምኳቸው። መልካሙ ከትምህርቱ ወደ ቤት ሲመጣ የተሳፈረበት መኪና ተቃጥሎ መገኘቱን፣ አስከሬን ሳናገኝ በፎቶው ብቻ እንዳለቀስን፣ ያን ፎቶ በትልቁ ያተምኩት እኔው በገዛ እጄ እንደሆንኩ እያሰብኩ እንዴት ሴትየዋ አንድ ዘለላ እንባ ያጣሉ አልኩ። የመነኮሰ ሰው ከዓለም ይወጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እሳቸው ስለ አንቺ ነበር የሚጠይቁኝ። ትበላለች ወይ? ትተኛለች ወይ? ሰው ይጠይቃታል ወይ? ቤቷ የሚገባው ማን ማን ነው? የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

እንዲህ ስንጫወት አንዲት ጎረቤታቸው መጣች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአውኛ አወሩ። እኔ አውኛ እንደማልሰማ ያውቃሉ። ሴትየዋ ቦርሳዬን ደጋግማ ታይ ነበር። ስትሄድ እማሆይ ምን ይዤ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ካሜራ ነው ስላቸው ፊታቸው ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ። ከጓሯቸው ማዶ ያለውን፣ ክትክታና አጋም የለበሰውን ተረተር ላነሳ እንደምፈልግ ስነግራቸው «ያ ወገን ጅብ አለበት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሂድ፤ ዛፍ ከሆነ የምትፈልገው እዚያ ሞልቶልሃል» አሉኝ።

በጠራራ ፀሐይ ጅብ ምን ያደርገኛል ብዬ ነበር፤ ግን የትልቅ ሰው ቃል ነውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ከቅጥሩ ውጭ ስቆም ግን ያ ተረተር ሸለቆውን ተሻግሮ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። ፀሐዩ ልክ ላዩ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ብርሃን ሁልጊዜ አይገኝም። ካሜራውን አቁሜ አነሳሁት። እማሆይን ሳልነግራቸው ተሰናብቼ ወረድኩ። ሲሸኙኝ ግንባሬን ሳሙኝና ቶሎ ቶሎ እንዳልመጣ፣ መንገዱ ደግ እንዳልሆነ ነገሩኝ።

ስመለስ ፍተሻ ላይ አስወረዱን። መሣሪያ የያዙ ልጆች ነበሩ፤ የማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም፤ የሚጠይቅም የለም። ካሜራውን ሲያዩ ከሰው ለይተው አቆሙኝ። ዛሬ በዚህ አገር ካሜራ ይዞ መሄድ ጠመንጃ ይዞ ከመሄድ የከፋ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ቢያንስ ወገን አለው። አንደኛው ክፈተው አለኝ። ከተከፈተ ፊልሙ ይቃጠላል ብዬ ለመንኩት። ሌላው ካሜራውን ቀምቶ ዓይኑን አስጠግቶ አየበት። ቀዩን መስታወት አልፈታሁትም ነበርና ጨለማ ብቻ ሆነበት። «ይሄ እኮ የሞተ ነው» ብሎ ወረወረልኝ። የአባቴ ማስታወሻ ነው አልኩት፤ ሳቁብኝና ለቀቁኝ። ፍኖተ ሰላም እስክገባ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ አልደረቀም።

ፊልሙን አጥቤ፣ ተረተሩን በትንሹ አትሜ፣ ከሌሎቹ ጋር ሱቁ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ጥቁር ሰማይ፣ ከሥሩ እንደ ባዘቶ ነጭ የሆነ ተረተር። መሃሉ ላይ ብቻ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ነበረች። የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት እድፍ መስላኝ ነበር።

እሱን እያየሁ ሙሉሰው ገባ። አታውቂውም፤ አንቺ አግብተሽ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ማንም ገልጦ አይናገርም፤ መንገድ ላይ ሲያዩት ግን ሰዎች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ለማን እንደሚሠራም አልጽፍልሽም። ለማንም ቢሠራ ፍርሃቱ ለእኛ ያው ነው። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል። ጉርድ ፎቶውን ሊወስድ ነበር የመጣው። የተሰቀሉትን አየና በረዶ የት አገኘህ አለኝ።

እኔም፣ ምላሴን በቆረጠው፣ ስፈራ እንደምለፈልፈው ሁሉ ለፈለፍኩ። ስለ ቀዩ መስታወት፣ ሕይወት ያለው ቅጠል ስለ መንጣቱ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እሱ እንደ ተማሪ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ጣቱን ዘረጋና ያቺ ጥቁር ነገር ላይ አደረገው።

«ይቺስ ለምን አልነጣችም?»

እድፍ ናት፣ ፊልሙ ሲታጠብ የነካት አልኩት። ቦታው የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን እንዳስዋሸኝ ያን ጊዜ አላውቅም፤ አፌ ብቻ አዴት በኩል አለ። አዴትን እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ ተረተር ግን እንዳላየ ነገረኝ። ፎቶዋን ሊያወርዳት እጁን ሲሰድ ገና አልደረቀችም አልኩት። እንግዲያው ለቤቱ ግድግዳ በትልቁ እንዳትምለት፣ በገበያው ዋዜማ መጥቶ እንደሚወስድ ተናግሮ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። በሩን ሳይዘጋው ነው የሄደው።

እኔ ዘጋሁት። አጉሊ መነጽሩን አውጥቼ ኔጋቲቩን መብራት ላይ አየሁ። እድፍ አልነበረም። ጥቁሯ ነገር ማዕዘን ነበራት፤ ጫፏ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልቀው። ቁጥቋጦ በራሱ እንደዚያ አይበቅልም። የንግሥቴ ዳስ ትዝ አለኝ። ሰው ቅጠል ቆርጦ፣ ወስዶ፣ አንድ ነገር ከድኖበታል፤ ያ ቅጠል እየሞተ ነው። በዓይን ገና አረንጓዴ ስለሆነ ከሥሩ የሚኖረው ሰው አላወቀም። ይህ ብቻ ቢሆን የታጣቂ ነው፣ አያገባኝም ብዬ አቃጥዬው ዝም እል ነበር። ግን ከዚያች ማዕዘን ተነስቶ በነጩ ሣር ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይወርዳል፤ እግር ደጋግሞ የረገጠው ሣር። ተከተልኩት። መጨረሻው የእማሆይ ወለተ ሐና ጓሮ ነው።

በዚህ ግቢ አይለቀስም ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። አጉሊ መነጽሩ ከእጄ ወደቀ።

እትየ፣ ፈርቼ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆነን ወንዙ ሊወስደኝ ሲል፣ አምና ጥይት በጣሪያው ላይ ሲያልፍ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ለራስ መፍራት ደረት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ይሄ ግን እጄ ላይ ተቀመጠ፤ የነካሁትን ሁሉ የማጠፋ እየመሰለኝ ኩባያ ማንሳት ፈራሁ። ሰው የማያየውን ያየሁት እኔ ነኝ። ለዚያ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚታይ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ድሮን የሚሉት ከሰማይ የሚዞረው ነገርም በእንዲህ ያለ ዓይን ነው የሚያየው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ ያን ሰሞን ግን ንብ እንኳ በጆሮዬ ስታልፍ ቀና እል ነበር።

አልታተመም ብዬ ብነግረው ኔጋቲቩን አምጣ ይለኛል። ጠፋ ብዬ ብነግረው ይጠረጥረኛል። ስለዚህ ማተም ነበረብኝ። ጨለማ ክፍል ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አባባ የሙሽራ ፊት ሲጠቁርበት በሽቦ ጫፍ ላይ ቁራጭ ካርቶን አድርጎ ብርሃኑን ይከልል እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ የተከለለው ቦታ ወረቀቱ ላይ ይነጣል። እኔም እንደሱ አደረግኩ። የመጀመሪያው ተበላሸ፣ ሁለተኛውም። ጨረቃ የመሰለ ክብ ነጭ ወጣበት። ደግሜ ደጋግሜ አንዱ እንደምንም ሆነልኝ። ሲደርቅ በቀጭን ብሩሽ የቅጠል መልክ ሰጠሁት፤ መንገዷንም አጠፋኋት። ከዚያ የተበላሹትን፣ ትንሿን ፎቶና ኔጋቲቩን አንድ ላይ አቃጠልኩ። ስሠራው ከኖርኩት ሥራ ሁሉ የሚበልጠውን ነው ያቃጠልኩት፤ አልቆጨኝም።

ሙሉሰው በቀጠሮው መጣ። ፎቶውን ተቀብሎ ደጅ አወጣው፤ ፀሐይ ላይ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ባንኮኒውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እዚህ ጋ እድፍ ነበረባት አለኝ፤ ጣቱን ያኖረው ልክ ቦታው ላይ ነው። አስለቀቅኳት አልኩት። ኔጋቲቩን ጠየቀኝ፤ ላዘዘችኝ ሴት አዲስ አበባ ላክሁት አልኩ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ጥሩ አጣቢ ነህ» አለኝ። ከበሩ መለስ ብሎ አዴት እንደሚሄድ፣ ተረተሩን ካገኘው እንደሚነግረኝ ጨመረ።

እሱ ወደ አዴት ሲሄድ እኔ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ካሜራ አልያዝኩም፤ ሳሙናና ስኳር ብቻ። መንገዱን ሁሉ ከኋላዬ የሚመጣውን ባጃጅ ስቆጥር ነው የሄድኩት። አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ሲያይ ካየሁ መንገዴን ሰብሬ እመለስ ነበር። እማሆይ ሲያዩኝ ደስ አላላቸውም። ስኳሩን ሳይነኩት ለምን መጣህ አሉኝ።

«እማሆይ፣ የጅቡ ቤት ክዳን ደርቋል። ከሩቅ ይታያል» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። «ማን አየው?» አሉኝ።

«እኔ አየሁት። ሌላም ሰው አይቶታል።»

አንቺን ይዤ እንዳልመጣ፣ ለአንቺም እንዳልነግር አስማሉኝ። ማልኩላቸው። ከዚያ በትራቸውን አንስተው ተከተለኝ አሉኝ።

እዚያ ያየሁትን አልጽፍልሽም። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚህ ጊዜ እማሆይ አልከለከሉኝም፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፌ ላይ አድርገው ድምፄን ብቻ ያዙልኝ። እሳቸውም ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ነው። የጠየቅኩትን ሁሉ አንድ በአንድ መለሱልኝ። መሣሪያ የለም፤ የማንም ወገን የለም። አንዱ ወገን ና ውጣ ይላል፤ ሌላው ከማን ጋር ነበርክ ይላል፤ ከሁለቱም መሸሽ ነው። ሌላውን እግዚአብሔር ቀኑን ሲያመጣው በአፌ እነግርሻለሁ።

በዚያው ቀን ቅጠሉን አንስተን በተንነው፤ የነበረውን ሁሉ ወደ ሌላ ስፍራ አሸሸን። ወዴት እንደሆነ ለእኔም ሙሉውን አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኳቸውምም። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያገኘው እዚያ ሄዶ የሚያገኘው ባዶ ጉድጓድና የድንች ልጣጭ ነው። እንዲህ መጻፌ ራሱ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለአንቺ እንዳልነግር ምያለሁና መሐላዬንም እያፈረስኩ ነው፤ ወይም እያፈረስኩ አይደለም፤ ምንም አልነገርኩሽም። ጌሾ ትወቅጣለች ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እማሆይን አትቀየሚያቸው። ዝም ያሉት ስለማይወዱሽ አይደለም። «እናት ደስ ሲላት መደበቅ አትችልም፤ ፊቷ ያስገድልብናል» ነው ያሉኝ።

ሙሉሰው እስካሁን ከአዴት አልተመለሰም። ወይም ተመልሶ ዝም ብሏል። ደጁ ላይ እግር በሰማሁ ቁጥር ብዕሬን እያቆምኩ ነው ይህን የጨረስኩት። ሱቁ ተዘግቶ ብትሰሚ አትደንግጪ፤ ዞር ብዬ ልቆይ አስቤያለሁ። የምትልኪውን አይናለም ለንግሥቴ ትስጣት፤ ንግሥቴ እኔ ጋ ታደርሰዋለች።

ምን እልካለሁ ትዪኝ ይሆናል። ደጋው በርዷል። በመልካሙ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ሹራብ ላኪልኝ። ለእኔ እንደሚጠበኝ አውቃለሁ፤ ብቻ ላኪው። ወፍራም ካልሲም ካለ ጨምሪ። ትርፍ መነጽሩንም በጨርቅ ጠቅልለሽ ሹራቡ መሃል ሸጉጪልኝ። እኔ መነጽር አድርጌ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ አትጠይቂኝ። አሁን ያለው አንዱ ክንዱ ተሰብሮ በክር ታስሯል፤ ለማንበብ ያስቸግራል።

ተዝካሩን አቆዪው። መንገድ ተዘግቶ የአባቱ ወገን ከቡሬ መምጣት ስላልቻለ ያለ እነሱ አላደርግም በዪ፤ ሰው ያምንሻል። የወቀጥሽውን ጌሾ ለሚካኤል ዝክር አውዪው። ቄሱ ለሙታን ስም ስጪኝ ካሉሽ የአባታችንንና የእናታችንን ስጪያቸው፤ እዚያ ላይ አቁሚ።

እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ልብሽን ያጽናልሽ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ ቤትሽን ከክፉ ዓይን ይሰውርልሽ። በአንድ ገበታ የምንቀርብበትን ቀን ቅርብ ያድርግልን፤ ማንም ሳይጎድል።

ጥቁርሽን ግን እንዳታወልቂ። ለቅሶ ቤት ስትሄጂም እንደ ወትሮሽ ሁኚ። ሰው ያያል።

የምወድሽ ታናሽ ወንድምሽ